ገባሁና ገባኝ

ጥር 17 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ዐርብ አመሻሽ ላይ፣ የተከራየነው ሚኒባስ የምንኖርባት ዲማ አደረሰን። ዐሥራ አንድ የማኅበር ሰዎች ነበርን፤ ጥምቀትን ጎንደር አክብረን መመለሳችን ነው። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ የግቢውን በር ገፋ ሳደርግ ባለቤቴ ከማድቤት ወጥታ «እንኳን ደኅና ገባህ» አለችኝ። «እንኳን ደኅና ቆያችሁኝ» ብዬ መለስኩላት። ይህን ሰላምታ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማውና ስለው ኖሬያለሁ፤ ቆም ብዬ አስቤው ግን አላውቅም። የዚያን ማታ እግሬን ታጥቤ መደቡ ላይ አረፍ ካልኩ በኋላ ቃሉ ተመልሶ መጣብኝ። ገባህ አለችኝ። እውነት ገብቼ ነበር? ሰውነቴ መደቡ ላይ ነው፤ ጆሮዬ ውስጥ ግን ገና የሞተሩ ድምፅ አለ። ዓይኔን ስጨፍን መንገዱ ከፊቴ ይሮጣል። ሌሊት ውኃ ጠምቶኝ ብነሣ እንስራው የቱ ጋ እንደሚቀመጥ ለአፍታ ጠፋኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ከኖርኩበት ቤት ውስጥ ነው እንስራው የጠፋኝ።

በአማርኛ ሰው ቤቱ ይገባል፤ ክረምት ይገባል፤ ሙሽራ ትገባለች፤ ነገርም ይገባል። «ገባሁ» ስል ሂያጁ እኔ ነኝ፤ ደጃፉን የማልፈው እኔ ነኝ። «ገባኝ» ስል ግን አቅጣጫው ይገለበጣል። የሚመጣው ነገሩ ነው፤ ደጅ ከፍቼ የምቀበለው እኔ፣ ቤቱም እኔ እሆናለሁ። የቅኔ መምህራን አንዱን ቃል ሁለት ነገር ሲያሸክሙት ኅብር ይሉታል። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ቅኔ ቤት አልዋልኩም። ነገር ግን በዲማ ጊዮርጊስ ጥግ ላደገ ሰው ቃልን ገልብጦ ማየት ከውኃው ጋር የሚጠጣ ነገር ነው። ያን ሌሊት እንስራውን ፈልጌ ካገኘሁ በኋላ ለራሴ ያልኩት ይህን ነው፦ ቤቴ ገብቻለሁ፤ ቤቴ ግን ገና አልገባኝም።

ከመሄዴ በፊት የጀመርኩት ሥራ ነበር። የኋላው ክፍል ግድግዳ ባለፈው ክረምት ዝናብ ተሸርሽሮ ማገሩ ወጥቶ ነበር። ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያውን ጭቃ መረግነው፤ ደረቀ፤ ተሰነጣጠቀም። ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው ስንጥቁን ሲያይ ሥራው የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። የመጀመሪያው ምርጊት መሰንጠቅ አለበት፤ ሁለተኛው የሚጨብጠው በዚያ ስንጥቅ ነው። ልሙጥ ሆኖ የደረቀ ግድግዳ ላይ ሁለተኛ ጭቃ ብትለጥፍበት በመጀመሪያው ዝናብ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ስለዚህ ጥር 6 ቀን፣ ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ ከግቢው ጥግ ሁለተኛውን ጭቃ አቦካሁ። አፈሩን ቀይ አፈር ካለበት አስመጣሁ። የኛ ጥቁር መረሬ ለጤፍ ነው የተሠራው፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ አፉን ይከፍታል፤ ግድግዳ አይሆንም። ጠጠሩን ለቀምኩ፤ የጤፍ ጭድ ነሰነስኩበት፤ ውኃ አፍስሼ በእግሬ ረገጥኩት። ከዚያ ሸፍኜ ተውኩት። እንዲህ ያለ ጭቃ ቀናት ይፈልጋል። ጭዱ እስኪለሰልስ፣ አፈሩና ጭዱ አንዱ ከሌላው እስኪዋሐድ፣ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ በየቀኑ ውኃ እያገኘ፣ እየተረገጠ መብላላት አለበት። ነገርንም እንዲሁ «አብላላሁት» እንላለን። ሐሳብና ጭቃ በአንድ ግስ መጠራታቸው አለምክንያት አይመስለኝም።

በሰባት ቀን እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ዐሥር ቀን ሆነ።

ስለ ጉዞው ብዙ አልልም፤ ጎንደርን ያየ ያውቀዋል፣ ያላየም ሊያየው ይገባል። ስንሄድ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርገን ባሕር ዳር ወጣን። ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ ደብረ ማርቆስ ለቅሶ መድረስ ስለነበረበት በዳንግላ፣ በኮሶበር፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዞርን። ዳንግላ ላይ ሚኒባሱ ቆመ፤ ዕቃው ከባሕር ዳር እስኪመጣለት ሁለት ሌሊት አደርን። በዚህ ሁሉ መካከል ሦስት ነገሮች ከእኔ ጋር ቀርተዋል፤ ከግድግዳዬም ሊለዩልኝ አልቻሉም።

አንደኛው ባሕር ዳር ላይ ዓባይን ስንሻገር ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ተረቱን የሰማሁት ሕፃን ሆኜ ነው፤ ያየሁት ግን ያን ቀን ከድልድዩ ላይ ነው። ወንዙ ከጣና ይወጣል፤ ከኛ ከዲማ በታች ባለው በረሃ ይወርዳል፤ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብም ከብቦ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። እኛም በሁለት መንገድ ጎጃምን ዞረን ነው የተመለስነው፤ ክብ ሠራን። ልዩነቱ ምንድን ነው? ተረቱ ዓባይን የሚወቅሰው ስለሚዞር ብቻ አይደለም። ግንድ ይዞ ስለሚዞር ነው። ግንድ ማለት ምሰሶ ነው፣ ወጋግራ ነው፣ ቤት ነው። ዓባይ የቤት ዕቃ አለው፤ ያልሠራው ቤቱን ነው። መንገደኛ ሁሉ ከመንገድ ግንድ ይዞ ይመለሳል፦ ያየው፣ የሰማው፣ የደነቀው። ያን ግንድ የትም ካላቆመው፣ በማግስቱ ሌላ መንገድ ከተመኘ፣ ከዓባይ በምን ይለያል?

ሁለተኛው ጎንደር ነው። በፋሲል መጠመቂያ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ውኃው ያያል። እኔ ደግሞ የቅጥሩን ድንጋይ በእጄ እዳስስ ነበር። የዛፎቹ ሥር ድንጋዩን እንዴት አቅፎ እንደያዘው፣ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ኖራ እንዴት ይህን ያህል ዘመን እንደቆየ አያለሁ። አጠገቤ የቆመው የማኅበራችን ሰው «መምህር፣ ምን ጠፋብህ?» አለኝ። የጠፋብኝ ነገር አልነበረም፤ ቤቴ ያለው የተሰነጠቀ ግድግዳ ነበር በእኔ ዓይን የሚያየው። ያ ግድግዳ ባይኖረኝ የፋሲልን ግድግዳ አላየውም ነበር፤ እንደ ሌላው ሰው «ድንቅ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ጉዞ ዓይን ይከፍታል ይባላል። እኔ እንደማየው ዓይን የሚከፈተው ቤት ነው፤ ጉዞ ለተከፈተ ዓይን የሚያየውን ያቀርብለታል። ምንም ሥራ ሳይጀምር ከቤቱ የወጣ ሰው ብዙ አገር ያቋርጣል፤ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን የለውም።

ሦስተኛው ማንኩሳ ነው። ከቡሬ አልፈን ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመጣ ሾፌሩ ከስልኩ ላይ ወጋየሁ ንጋቱ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከፈተልን። ማንኩሳ የመጽሐፉ ባለታሪክ የበዛብህ የትውልድ መንደር ናት፤ ዲማ ደግሞ ሰብለ ወንጌልን ያየባት። መኪናው ውስጥ የነበርነው ሁሉ የዲማ ሰዎች ነንና ዝም ብለን ሰማን። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አጠገብ ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በኛው በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ጣልያን አገር በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረዋል፤ ከዚያም በዲፕሎማትነት ብዙ አገር ኖረዋል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዲማ በዓለም ዞሮ በመጣ ሰው እጅ የተጻፈች ናት። በመጽሐፉ ውስጥ ግን በዛብህ ከዲማ ይወጣል፤ ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ልትፈልገው ትወጣለች፤ ጉዱ ካሳም ይከተላታል። ሦስቱም ተመልሰው አልገቡም፤ መቃብራቸው መንገድ ላይ ቀረ። ይህን ከሰማሁ በኋላ እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ የከነከነኝ አንድ ነገር ነው። ከዲማ የመውጣት ታላቅ መጽሐፍ አለን። ወደ ዲማ የመመለስ፣ በማግስቱም ተነሥቶ እንስራ የመፈለግ፣ ጭቃ የመርገጥ መጽሐፍ ግን የለንም። መውጣት ታሪክ ይሆናል፤ መመለስ «እንኳን ደኅና ገባህ» ተብሎበት ያልቃል።

ጥር 18 ቅዳሜ ነው፤ የጊዮርጊስ ዝርወተ ዐፅሙ። ዲማ ላይ በዚያ ቀን ሥራ የሚያነሣ የለም። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ተመለስኩ፤ ሰው መጣ፤ ስለ ጎንደር ተጠየቅሁ፤ አወራሁ። እያወራሁ ሳለ ጉዞው በአፌ ውስጥ ሲቀጥን ይታወቀኝ ነበር። ለመጀመሪያው እንግዳ የዛፉን ሥር ነገርኩት፤ ለአራተኛው «ደስ ይላል» ብቻ አልኩት። 19 እሑድ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እጄ ሥራ ፈትቶ አፌ ብቻ ሠራ፤ እንደዚያ ሁለት ቀን ከቤቴ የራቅሁበት ጊዜ አላስታውስም። ዳንግላ እንኳ ሳለሁ ይበልጥ እቀርብ ነበር።

ሰኞ ጥር 20 ማለዳ የጭቃውን ክዳን ገለጥኩ። ደርቆ ድንጋይ ሆኖ፣ ዐሥር ቀን ሙሉ ከንቱ ቀርቶ እንደማገኘው እርግጠኛ ነበርኩ። እጄን ሰደድኩበት። እንደ ቅቤ ነበር። ጭዱ ሟምቷል ማለት ይቻላል፤ ሽታው የበሰለ ጭቃ ሽታ ነው። ባለቤቴን ጠራኋትና «ማን ነው ይህን የረገጠ?» አልኳት።

«እኔና የጎረቤት ልጅ» አለችኝ። «ጭቃው ሰው መንገድ ሄዷል ብሎ ይጠብቃል እንዴ?»

በየማለዳው ከውኃ ወረዳ ስትመለስ አንድ እንስራ ለጭቃው ታፈስለት ነበር። እንስራውንም ያለወትሮው ከደጃፉ አጠገብ ያስቀመጠችው ለዚሁ ነው፤ ሌሊት የጠፋኝ በዚህ ምክንያት ነው። አማርኛችን ሚስትንም ባልንም «ባለቤት» ይላል። ጡረተኛ መምህር ሆኜ፣ የይዞታው ደብተር በሁለታችን ስም ተጽፎ፣ በቃሉ እንደ ማዕረግ እጠራ ነበር። በዚያ ማለዳ እጄን ጭቃው ውስጥ እንደሰደድኩ ግን ባለቤት ማለት ምን እንደሆነ ገባኝ። እኔ ጎንደር ሆኜ ስለ ግድግዳ ሳስብ፣ የግድግዳው ሥራ ሳይስተጓጎል እንዲቀጥል ያደረገችው እሷ ናት። የኔ ሐሳብ መንገድ ላይ ሲብላላ የቤቱ ጭቃ በእሷ እግር ይብላላ ነበር። ማንኛውም ጉዞ ቤት የቀረ ሰው የተሸከመው ሸክም አለበት፤ የተጓዡን ታሪክ ስንሰማ ያንን ሸክም አንሰማውም። ይህ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔም እስከዚያ ቀን ግፉን ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ስለ ጎንደር አራት እንግዳ ሲጠይቀኝ ስለ ጭቃው እሷን የጠየቃት አልነበረም።

ቤት ስለ ቀረች ሚስት ሳስብ አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ። ግሪኮች የድሮ ተራኪያቸው ሆሜር የተናገረውን የኦዲሴዎስን ታሪክ ያውቃሉ፤ ሃያ ዓመት ከቤቱ ርቆ፣ ዐሥሩን በጦርነት ዐሥሩን በመልስ ጉዞ አሳልፎ የተመለሰ ሰው ነው። ሚስቱ ጴኔሎፔ እሱ መሆኑን አላመነችም። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ባሕሩ አልጠየቀችውም። አገልጋይዋን «አልጋውን ከክፍሉ አውጥተሽ አንጥፊለት» አለቻት። ያኔ ሰውየው ተቆጣ፤ ያን አልጋ ሊያንቀሳቅስ የሚችል የለም፤ እኔ ራሴ ከመሬት ካልተነቀለ የወይራ ግንድ ላይ ነው የሠራሁት አለ። በዚህ አወቀችው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተርኬላቸዋለሁ፤ ነጥቡ የሚስት ብልሃት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሌላ ነገር አያለሁ። ኦዲሴዎስ ቤቱ የገባው ደጃፉን ባለፈ ጊዜ አልነበረም፤ በእጁ የሠራው ነገር ስሙን በጠራለት ጊዜ ነው። የወይራውም ግንድ ዓባይ ይዞት ከሚዞረው ግንድ የሚለየው ሥሩ ከመሬት ስላልተነቀለ ነው።

ሰኞ ሙሉ ቀን ለጠፍን። ማክሰኞ ማርያም ናት፤ ዋልን። ረቡዕ ለጠፍን፤ ሐሙስ 23 ጊዮርጊስ ነው፤ ዋልን። እንዲህ ያለ ሥራ ለቸኮለ ሰው ያናድዳል። እኔ ግን ለጭቃም ለሰውም ይህ መቆራረጥ እንደሚያስፈልግ አምኜአለሁ። የተለጠፈው በዓል በዋለበት ቀን ይጠጥራል፤ እጅም ያርፋል፤ በመንገድ ያየኸውም ነገር በዚያ ዕረፍት ውስጥ ሳትጠራው ይመጣል።

ረቡዕ ዕለት አንድ የቆሎ ተማሪ በደጃችን አለፈ። አኮፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ባለቤቴ እንጀራ ስታመጣለት እሱ የኔን ጭቃ ቆሞ ያይ ነበር። «ጋሼ፣ ከዚህ ትንሽ ቢሰጡኝ?» አለኝ። ከወሎ በእግሩ የመጣ ነው፤ ጎጆ ሊሠራ ነው፤ ሣሩን አግኝቷል፣ ሥሩን የሚመርግበት ጭቃ አጥቷል። በባልዲ ሞልቼ ሰጠሁት። ምን ሊማር እንደመጣ ጠየቅሁት፤ «ቅኔ» አለ። «ታዲያ ትምህርቱን ጀመርክ?» ስለው «ጎጆዬን ሳልሠራ?» ብሎ ተገረመብኝ። ያ ልጅ መንገዱን የጨረሰው ዲማ በደረሰ ጊዜ አልነበረም፤ ማደሪያውን በእጁ ሲያቆም ነው። ቅኔው የሚገባለት በዚያች ጎጆ በር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ሳላነሣ አላልፍም፤ ወደ ጎንደር ስንሄድ አዲስ ዘመንን አልፈን እንፍራዝን አቋርጠናልና። «ሐተታ» የሚባለውን መጽሐፍ ማን እንደጻፈው ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኔ የምወስደው መጽሐፉ የሚነግረንን ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ከአክሱም ሸሽቶ በዋሻ ሁለት ዓመት ኖረ፤ ብቻውን ሆኖ ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ሰው፣ ስለ ልቡና መረመረ። ሱስንዮስ ሞቶ ፋሲለደስ ሲነግሥ ከዋሻው ወጣ፤ እንፍራዝ መጥቶ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ዘንድ ዳዊት እየጻፈ፣ ልጆቹን እያስተማረ ተቀመጠ፤ ሂሩትን አገባ። መጽሐፉን የጻፈው በስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ቢለምነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዋሻው ነው። ዋሻው ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነበር፤ የእንፍራዙ ኑሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ። በዋሻ ያሰበው ነገር በብራና ፍቀት፣ በቀለም በጥበጣ፣ በትዳርና በልጅ ማሳደግ ሲብላላ ኖሮ ነው ሐተታ የሆነው። ከዋሻው በወጣ ማግስት ጽፎት ቢሆን ኖሮ፣ እንደኔ የቅዳሜ ወሬ ለመጀመሪያው እንግዳ የሚነገር፣ በአራተኛው የሚቀጥን ነገር በሆነ ነበር።

አንድ ወዳጄ፣ እሱም አስተማሪ የነበረ፣ ይህን ስነግረው አልተስማማም። «ወደ ዕለት ኑሮ መመለስ እንቅልፍ ነው» አለኝ። «ጎንደር ላይ የነቃ ልብህ በአንድ ሳምንት ውስጥ በገበያና በዕድር ተመልሶ ይተኛል፤ ሥራ የምትለው ያን እንቅልፍ የምትሸፍንበት ብርድ ልብስ ነው።» ቃሉን አቃልዬ አላየሁትም። እንቅልፍ የሚሆን የዕለት ኑሮ አለ፤ አውቀዋለሁ፤ ኖሬበታለሁም። ጠዋት የተነሣ እጅ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ሲመሽ፣ ግድግዳው ለግድግዳነቱ ሳይሆን ቀን እንዲያልፍ ሲለጠፍ እውነትም እንቅልፍ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ሌላ መንገድ አይደለም። መንገድ ላይ ንቁ የሆንነው ነገሩ ሁሉ አዲስ ስለሆነብን ነው፤ አዲስነቱ ነው የሚያነቃን፣ እኛ አይደለንም። ቤት ውስጥ የሚያነቃ አዲስ ነገር የለም፤ ከነቃህ ራስህ ነቅተህ ነው። ይህ የሚከብድ መንቃት ነው፤ የሚበልጠውም ይኸኛው ነው ብዬ እፈርዳለሁ። ወዳጄ እስከ ዛሬ አልተስማማም፤ ስንገናኝ እንከራከርበታለን።

ቅዳሜ ጥር 25 ቀን ስለጥፍ፣ መዳፌ ታኅሣሥ ላይ የተውነው ስንጥቅ ላይ ደረሰ። ጭቃውን ገፋ ሳደርገው ስንጥቁ ውስጥ ገባ፤ ይዞት ቀረ። እጄን አንሥቼ አየሁት፤ አልወረደም። ያኔ የማላውቀው ዓይነት ዝምታ መጣብኝ። የሞተሩ ድምፅ ከጆሮዬ መቼ እንደወጣ አላወቅሁም፤ እንደሌለ ግን ያወቅሁት በዚያች ሰዓት ነው። የፋሲል ቅጥርም፣ የዛፉም ሥር፣ የማንኩሳም መንገድ አልጠፉም፤ እነሱም ከጭቃው ጋር ስንጥቁ ውስጥ ነበሩ። ባለቤቴ ውኃ ይዛ መጣችና እጄን ታጠብኩ። ጭዱ ከጥፍሬ ሥር አልወጣ አለ።

ከመንገድ የተመለሰ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ «ምን አየህ?» ከማለታችሁ በፊት ቤት የቀረውን «ምን ሠራህ?» በሉት።

ልስኑን ባለቤቴ በእበትና በዐመድ ጨረሰችው። የኋላው ክፍል የካቲት 8 ቀን አለቀ፤ ክረምት ሊገባ አራት ወር ቀርቶታል።